መሎክሴዎቹ፦ አባ ሰብራ፣ ጸጋ አምላክና የጸሎታችን መነሻ

ባለፈው ሲግድ ከቤር ሼቫ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ አንዷ ልጃችን ስልኳ ላይ ያነበበችው ነገር ገርሟት "እኛ መነኩሴ ነበረን እንዴ? አይሁዳዊም ይመነኩሳል?" ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። ወጣቶቹ ሳቅን። ፊት የተቀመጡት እናቶች ግን ተያይተው ዝም አሉ። አንድ አባት ብቻ ዞር ብለው "ተይው ልጄ፣ የድሮ ነገር ነው" አሏት። ይሄን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያ "ተይው" ምክንያት ነው።

አዎ፣ ነበሩን። አባቶቻችን መሎክሴ ይሏቸዋል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቄሶቻችንን ያስተማሩት፣ ኦሪቱን በብራና ላይ የጻፉት እነሱ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው (ዓመቶቹን እዚህ አገር በምንጠቀምበት አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1414 የነገሡት አፄ ይስሐቅ ከአባቶቻችን ጋር ተዋግተው ካሸነፉ በኋላ፣ ክርስትና የተነሣ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ እምቢ ያለ ግን ፈላሲ ሆኖ ይቅር ብለው አወጁ ይባላል። ያኔ ርስት የሌለው ሰው በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነው። ስንቱ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ሆኖ ቀረ። ስንቱ ደግሞ ለመሬቱ ሲል ተጠመቀ። ጉልበት ያልጨረሰውን ርስት ሊጨርሰው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጡ፣ ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ። የሚገርመው በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜ ሰንበት በቤተ ክርስቲያን እንዲከበር ያስወሰኑት እሳቸው ናቸው። ሰንበትን ይወዱ ነበር፤ ሰንበት ጠባቂውን አይሁዳዊ ግን አልወደዱትም።

አባ ሰብራ የተነሡት በዚህ ጊዜ ነው። ሽማግሌዎች በአፍ ያወረዱልን ታሪክ እንዲህ ይላል። አባ ሰብራ ክርስቲያን መነኩሴ ነበሩ፤ የንጉሡን ልጆች ያስተምሩ ነበር። ቤተ እስራኤልን አስተምረው ሊያጠምቁ ሄዱና ራሳቸው ተምረው እዚያው ቀሩ። ከንጉሡ ልጆች አንዱ፣ ጸጋ አምላክ፣ መምህሩን ተከትሎ ከቤተ መንግሥት ወጣ። እሱም እምነቱን ተቀበለ፣ መነኮሰም። የንጉሥ ልጅ ርስት በተነጠቁ ሰዎች መካከል ሊኖር መጣ! ዙፋን ሊወርስ የሚችል ልጅ ነበር እኮ።

ተረት ነው የሚል አይጠፋም። ሆኖም የዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ንጉሡ የገዛ ልጆቻቸውን ባዕድ አምልኮ ተከተላችሁ ብለው በጽኑ እንዳስገረፉ፣ ከልጆቹም የሞቱ እንዳሉ ይናገራል። ከእንዲህ ያለ ቤት አንድ ልጅ ቢሸሽ ምን ይገርማል? ከአባ ሰብራ በፊትም ቆዝሞስ የተባለ ክርስቲያን መነኩሴ ወደ አይሁዶቹ ገብቶ ኦሪት እንደጻፈላቸው በገድለ ያፍቅረነ እግዚእ ተጽፏል፤ ያ የጻፉት ክርስቲያኖች ናቸው፣ እኛን ለማመስገን ብለው እንዳልጻፉት የታወቀ ነው። ስለዚህ በዝርዝሩ ባንምልም፣ ታሪኩ ከአየር የመጣ አይመስለንም።

"እንግዲያ ምንኩስናው ከክርስቲያን የተወሰደ ነው" የሚሉ አሉ። መልኩ አዎ። ግን ያን ዘመን እናስበው። ንጉሡ አገር ሲይዝ ከወታደሩ ኋላ መነኩሴው ይመጣል፣ ገዳም ይተክላል፣ ሕዝቡን ያስተምራል፣ ያጠምቃል። አባ ሰብራ ያንኑ ነገር ለቤተ እስራኤል አደረጉላቸው። ርስት የሌለው ሕዝብ መምህር፣ መጽሐፍና ሥርዓት ያለው ማዕከል አገኘ። ከቤር ሼቫ ብዙም በማይርቀው የሙት ባሕር ዳርቻም በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ከሰው ተለይተው በንጽሕና የኖሩ አይሁዶች ነበሩ። የአባ ሰብራ ከእነሱ የመጣ ነው አንልም፤ "አይሁድ እንዲህ አይኖርም" ለሚል ሰው ግን ቁምራን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚቻልበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ቦታ ሆሐርዋ ነው፣ ከጎንደር ሰሜን ምዕራብ በጃንፈንቀራ አገር። መሎክሴዎቹ ከመንደሩ ተለይተው በአጥር ግቢ ውስጥ፣ እያንዳንዱ በጎጆው ይኖር ነበር። ምግባቸውን ራሳቸው ያበስላሉ፤ ሌላው ሰው፣ የገዛ ወገናቸውም ቢሆን፣ አይነካቸውም። ሊመነኩስ የመጣ ሰው ብዙ ዓመት ይማራል፤ ከመመንኮሱ በፊት ደግሞ ሰባት ቀን ብቻውን ተዘግቶ የሽምብራ ቆሎና ውኃ ብቻ እየቀመሰ ይቆያል ይባላል። አያቶቻችን "አትንኩኝ" የሚሉት የንጽሕና ሥርዓት በዚህ መልኩ የጠነከረው በእነሱ ነው፤ የሲግድንም ሥርዓት ለአባ ሰብራ የሚሰጡ ሽማግሌዎች አሉ። ኬይ ሻሌማይ የምትባል የሙዚቃ ተመራማሪ በ1973 በአምቦበር የቄሶቹን ጸሎት በቴፕ ቀድታ ስታጠና፣ ዜማውና ሥርዓቱ ወደ መነኮሳቱ አመራት፤ መጽሐፏ በ1986 ወጣ።

በ1840ዎቹ አንድ ደስ የሚል ነገር ሆነ። ፊሎሴኖ ሉዛቶ የሚባል በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ የጣሊያን አይሁዳዊ ልጅ ስለ እኛ አንብቦ፣ አንትዋን ዳባዲ በተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ በኩል ጥያቄዎች ላከ። ከሆሐርዋ የመለሱለት አባ ይስሐቅ ናቸው፣ የዘመኑ ትልቅ መሎክሴ። የእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ ጠየቀ፣ መነኩሴው "ተወው" አላሉትም!

በ1862 ደግሞ ሚሲዮኖቹ ሕዝቡን ሲያስጨንቁ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ፊትም ክርክር ከተደረገ በኋላ፣ አባ መሐሪ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ። አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፉት ተመለሱ። ያን ጉዞ የመራው መነኩሴ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

መሎክሴዎቹን ያሳነሳቸው አንድ ነገር አይደለም። ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ክፉ ቀን ሕዝቡንም ገዳማቱንም ባዶ አደረገ። ከዚያ ዶክተር ፋይትሎቪች በ1904 መጡ። ብዙ ውለታ ውለውልናል፣ ትምህርት ቤት አስከፍተዋል፤ ግን ከሌላው ዓለም አይሁዳዊ ጋር እንድንመሳሰል ስለፈለጉ ምንኩስናው እንዲቀር ይገፋፉ ነበር። እዚህ ከገባን በኋላ ደግሞ አይሁድነታችንን የሚጠራጠር ሰው በበዛበት አገር፣ መነኩሴ ነበረን ብሎ ማውራት ለጠላት በር መክፈት መሰለን። የአውቶቡሱ አባት ዝምታ ከዚህ የመጣ ነው፤ እኛም አንፈርድባቸውም። ባር ክሪቡስ የተባለ እስራኤላዊ አርኪዮሎጂስት ግን የመሎክሴዎቹን ቦታዎች በጎንደርና በሰሜን እየዞረ አጥንቶ በ2022 መጽሐፍ አውጥቷል። የሌላ ቤት ልጅ አጥሩን ሲለካ እኛ ስማቸውን ለመጥራት እናፍራለን?

የመጨረሻው መሎክሴ ወደ እስራኤል መጥተው እዚሁ አርፈዋል። በልጅነታቸው እህል ተሸክመው እስከ አጥሩ ድረስ የሄዱ፣ ከሩቅ ቆመው የተመረቁ ሰዎች ግን ዛሬም በከተማችን አሉ። አንዳንዶቻችን ቤታችን ውስጥ ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ድምፃቸውን እየቀዳን ነው፤ እስካሁን አራት ሰው አግኝተናል። አያትዎ ወይም አባትዎ መሎክሴ አይተው ከሆነ ማክሰኞ ማታ ወደ ማኅበሩ ክፍል ብቅ ይበሉ፣ መምጣት ካልቻሉ እኛ ቤት ድረስ እንመጣለን። ያቺ የጠየቀችው ልጅ መቅጃውን ይዛለች።