ጩኸትና ጉልበት

ጋራዥ ውስጥ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሳያውቀው ጣልያንኛ ይናገራል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን… ሁሉም ከጣልያን የተወረሱ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ግን እንደ ማርሚታ የሰፈር ሰላም የነሣ የለም። ቃሉ በጣልያንኛ ድስት ማለት ነው። ጎረምሳው አሮጌ መኪና ይገዛና ገና ዘይቱን እንኳ ሳይቀይር ድስቱን ያስፈታል። ከዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አራስና ሕመምተኛ ሳይለይ መንደሩን ይቀሰቅሳል። ለምን ቢባል “መኪናዋ ጉልበት ጨመረች” ይላል።

እውነት ጨመረች? ለዚህ ጥያቄ በማርሚታ ከከበረ ሰው የተሻለ መልስ ሰጪ አይገኝም።

ሰውየው ካርሎ አባርት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1908 ቪየና ውስጥ ሲወለድ ካርል ነበር፤ ካርሎ የሆነው በኋላ ነው። በወጣትነቱ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ጎኑ ላይ ጋሪ በተገጠመለት ሞተር ሳይክል ከቪየና እስከ ቤልጂጓ ኦስተንድ ድረስ ከዝነኛው ኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ጋር ተሽቀዳድሞ ቀድሟል። ከጦርነቱ በኋላ ጣልያን ገብቶ ቺዚታሊያ በተባለ የእሽቅድምድም መኪና ድርጅት ውስጥ ሠራ። ያም ሲከስር እ.ኤ.አ. በ1949 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ ለምልክቱም የተወለደበትን ኮከብ፣ ጊንጥን፣ መረጠ።

ኩባንያውን በእግሩ ያቆመው የማርሚታ ሽያጭ ነው። የአባርት ማርሚታ ጥቁር ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ አፍና ወፈር ያለ ድምፅ ነበረው። ተራ መኪና ያለው ጣልያናዊ ሁሉ እሱን አስገጥሞ ራሱን እንደ ተወዳዳሪ ቆጠረ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አባርት ዛሬ የሚታወሰው ድምፅ በመሸጥ ብቻ ነበር። እሱ ግን ሞተር የሚተነፍሰው በሁለት ወገን መሆኑን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚስበው እንደኛው በገዛ ራሱ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ሲሊንደሩ ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል፤ የውጭው አየር ቤንዚኑን ይዞ ይገባል። ቤንዚን መጨመር ለማንም አያቅትም። አየር ከሌለ ግን ቤንዚኑ በደንብ አይነድም፤ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ካንዴላውንም ያጠቁራል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ሞተር ተጨማሪ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ዋና ሥራው አየር በብዛት እንዲገባ፣ በደንብ እንዲታመቅና ጭሱ ሳይጨናነቅ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

አባርት ይህን ያሳየው በማን ላይ ነው? በእኛዋ በሴይቼንቶ! አዎ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባን ሰው ስታመላልስ በኖረችው በፊያት 600። መኪናዋን የነደፈው ዳንቴ ጃኮዛ ሲሆን ለዓለም የታየችው እ.ኤ.አ. በ1955 ጄኔቭ ላይ ነው። ሞተሯ 633 ሲሲ፣ ጉልበቷ 21.5 የፈረስ ጉልበት ነበር። የተሠራችው ቤተሰብ ገበያ እንድታደርስ ነው እንጂ ለሽቅድምድም አልነበረም።

አባርት ብዙም ሳይቆይ ሞተሯን ወደ 747 ሲሲ አሳደገና አባርት 750ን አወጣ። ጉልበቷ ወደ 40 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። እስቲ እናስላው። የሞተሩ መጠን ያደገው በ18 በመቶ ብቻ ነው። ጉልበቱ ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ፒስተኑ ረዘም ያለ መንገድ እንዲሄድ ክራንክ ሻፍቱ ተቀየረ። ሰፋ ያለ የዌበር ካርቡራተር ተገጠመ። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ተለወጠ፤ አየሩ ይበልጥ እንዲታመቅ ተደረገ፤ ሞተሩም በፍጥነት እንዲዞር ተፈቀደለት። ጭስ ማውጫው የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ነበር። በልክ የተሠራ ጭስ ማውጫ የሚወጣውን ጭስ ተጠቅሞ የሚገባውን አየር ይስባል። ሌላው ሁሉ ባለበት ድስቱን ብቻ ፈቶ የጣለ ሰው በብዛት የሚያተርፈው ጩኸት ነው።

አባርት ሌላም ነገር አስተምሯል፤ ጉልበት ዕዳ አለው። ብዙ የሚያነድ ሞተር ብዙ ይሞቃል። ስለዚህ በውድድር መኪኖቹ አፍንጫ ላይ የራዲያተር ሳጥን ተለጠፈ፤ የኋላው የሞተር ክዳንም ተከፍቶ ይነዳ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣችው 850 ቲሲ 52 የፈረስ ጉልበት ሲኖራት ከፊት ዲስክ ፍሬን ተገጠመላት። የሚያስሮጠውን ጨምሮ የሚያቆመውን መርሳት የአባርት ሥራ አልነበረም። የእኛ ጎረምሳ ግን ስለ ፍሬን ሲጠየቅ ሰምተን አናውቅም።

ሞተሩ አልጨምር ሲልስ? እ.ኤ.አ. በ1965 ሞንዛ ላይ ለፍጥነት ክብረ ወሰን በተሠራች ጠባብ መኪና ውስጥ የ56 ዓመቱ አባርት አልገባ አለ። ፖም እየበላ 30 ኪሎ ቀነሰና ገባ፤ ክብረ ወሰኑንም አገኘ። የጭነት ማሰሪያውንና የተበላሸ ትርፍ ዕቃውን ሁሉ ተሸክማ ለምትዞር መኪና ይህ ትንሽ ምክር አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን እኛ የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በራሱ የሚተነፍስ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን አዲስ አበባ ሲገባ ያጣል ማለት ነው። ያቺ 21.5 የፈረስ ጉልበት ያላት ሴይቼንቶ እዚህ የምትሠራው በ16 እና በ17 ገደማ ነበር። በዚያ ላይ ካርቡራተሩ ለባሕር ጠለል ተለክቶ የመጣ ከሆነ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች የምታቃስት አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የምትለምነው ልኩን ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ ሞተር እንደ ወላጅ የሚጦር ሆኗል። ብዙ ሰው እንጀራውን የሚበላው በእነዚህ መኪኖች ነው። እነሱ ላይ የሚደረግ ግምት የለሽ ሙከራ የአንድ ቤተሰብን ገቢ ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ሥራውን ከቀላሉ ይጀምር። የአየር ማጣሪያውን ያጽዳ፤ ቫልቩን ያስለካ፤ ካርቡራተሩን ለደጋው አየር ያስተካክል፤ የተበላ ፋሻ ካለ ያስቀይር። ይህ ሁሉ አዲስ ጉልበት አይፈጥርም፤ የጠፋውን ግን ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ የሚፈልግ ካለ እንደ አባርት ከካርቡራተሩ እስከ ፍሬኑ አስቦና ከፍሎ ይሥራ።

ማርሚታውን ግን ባለበት ይተወው፤ ጎረቤት ነገ ሥራ አለው።