ዋናው፣ ንዑሱና ደጃፉ፦ የቅድመ ሕክምና ትምህርት ታሪክ ከባልቲሞር እስከ ጎንደር



በየዓመቱ የትምህርት ምርጫ ጊዜ ሲደርስ ከተማሪዎች የሚቀርብልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ወደ ጤና ሙያ መግባት እፈልጋለሁ፤ ከዋናው ትምህርቴ ጎን የሕክምና ሳይንስን በንዑስነት ልያዝ?» እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ሙያ ምርጫ የመምከር ሥልጣን የለኝም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ ታሪክ አለው። አንድ ሰው ወደ ሕመምተኛ ከመቅረቡ በፊት ምን መማር ይገባዋል የሚለውን ጉዳይ በየዘመኑ የተለያዩ ሰዎች ወስነውታል፤ በወሰኑ ቁጥርም ማን እንደሚገባና ማን ደጅ እንደሚቀር አብረው ወስነዋል። ዛሬ የማወሳው ይህንኑ ነው። ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ተማሪዎች ‹ሜጀር› እና ‹ማይነር› የሚሏቸውን ሁለት ቃላት ከሁሉ ቀድሞ የተጠቀመባቸው በባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው ይባላል፤ ዘመኑም 1877 እና 1878 ነበር። በዚያ ወቅት በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን ዩኒቨርሲቲ መግባት ቀርቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን መጨረስ እንኳ በብዙ ቦታ አይጠየቅም ነበር። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የባለቤቶቻቸው የገቢ ምንጭ ነበሩና፣ ክፍያውን ያሟላ ሁሉ ይገባል፤ ንግግር ያዳምጣል፤ ዲፕሎማውን ይዞ ይወጣል። ሕመምተኛ ሳይነካ የተመረቀውም ጥቂት አልነበረም።

ይህን ልማድ የሰበረው ያው ዩኒቨርሲቲ በ1893 የከፈተው የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። የአከፋፈቱ ነገር ለብቻው ሊተረክ የሚገባው ነው። ሆስፒታሉ ቢከፈትም ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ገንዘብ ጠፋ። የባልቲሞር የባቡር ሐዲድ ባለጸጋ ልጅ የነበረችው ሜሪ ኤሊዛቤት ጋሬት ከጓደኞቿ ጋር ሆና ገንዘቡን አሰባሰበች፤ የጎደለውንም ከራሷ ከ300,000 ዶላር በላይ አውጥታ ሞላችው። ገንዘቡን ግን እንዲሁ አልሰጠችም። ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲገቡ፣ ገቢዎቹም ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ መሠረት፣ የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ ዕውቀት እንዲኖራቸው ጠየቀች። ይህን ከፍ ያለ መስፈርት ቀድሞ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ፕሮፌሰር ዊሊያም ዌልች ራሱ ነበር፤ ነገሩ እውን ሊሆን ሲል ግን ተማሪ እናጣለን ብሎ ሰጋ። ጋሬት አልተመለሰችም። ባልደረባው ዊሊያም ኦስለር፣ እኛ በመምህርነት መግባታችን ዕድል ነው፤ በተማሪነት ቢሆን ኖሮ ባልተቀበሉን ነበር እያለ ይቀልድ እንደነበር ይነገራል። በመጀመሪያው ዓመት የገቡት 18 ተማሪዎች ሲሆኑ 3ቱ ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የሳይንስ ቅድመ ሁኔታና የሴቶች መግባት በአንድ ውል ውስጥ ተጻፉ። መስፈርቱ በር የከፈተበት ጊዜ ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ ግን ያው መስፈርት በር ዘጋ።

በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ሰው፣ እሱ ራሱ ሐኪም ያልሆነ፣ በካርኔጊ ተቋም ተልኮ በአሜሪካና በካናዳ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ጎብኝቶ ዘገባውን አሳተመ። ከነዚህ መካከል ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት የሚጠይቁት 16 ብቻ ነበሩ። ፍሌክስነር ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ፊዚክስ ያልተማረ ሰው የሕክምናን በር እንዳይረግጥ መከረ። የአተገባበሩ ዋጋ ግን እኩል አልተከፈለም። ለጥቁር አሜሪካውያን ከነበሩት 7 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይቀጥሉ ያላቸው ሃዋርድንና ሜሃሪን ብቻ ነው፤ የቀሩት 5ቱ በተከታዮቹ ዓመታት ተራ በተራ ተዘጉ። አብዛኞቹ የነጭ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ በማይቀበሉበት ዘመን ይህ ምን ማለት እንደነበረ ማብራራት አያሻኝም።

የሃዋርድ መትረፍ ከእኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። በኦሃዮ በሚገኘው ማስኪንገም ኮሌጅ የተማሩት መላኩ በያን ሕክምናን ያጠኑት በዚሁ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ አገራቸው ተመልሰው አገልግለዋል፤ በኋላም ወደ አሜሪካ ተልከው በ1937 የኢትዮጵያን የዓለም ፌዴሬሽን አቋቁመዋል። ሁለቱ በሮች ባይተርፉ ኖሮ ዶክተር መላኩ የት በተማሩ ነበር ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ፍሌክስነርን ሙሉ በሙሉ መውቀስ ግን አልሻም። በዚያው ዘገባው ውስጥ የሳይንስ ዝግጅት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሐኪሙ ሰውን ለመረዳት ሰፋ ያለ የባህል ልምድ እንደሚያስፈልገው ጽፏል። ተከታዮቹ ያነበቡት የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ኬሚስትሪ ይፈተናል፣ ርኅራኄ ግን አይፈተንም። የአሜሪካ የሕክምና መግቢያ ፈተና በ1928 ከተጀመረ በኋላ የሥነ ልቦናና የሶሲዮሎጂ ክፍል ራሱን ችሎ የተካተተበት በ2015 ነው።

ከዚህ ታሪክ ለተነሣንበት ጥያቄ የሚጠቅም ልዩነት ይወጣል። ‹ቅድመ ሁኔታ› የበሩ ቁልፍ ነው፤ ‹ንዑስ ትምህርት› ግን ቁልፍ ሆኖ አያውቅም። በአሜሪካም ቢሆን የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚዘረዝሩት የኮርስ ዓይነት እንጂ የዋና ወይም የንዑስ ትምህርት ስም አይደለም። ታሪክ ያጠና ሰው የታዘዙትን ኮርሶች ከወሰደ ይገባል። እንግዲያው የሕክምና ሳይንስን በንዑስነት የሚይዝ ተማሪ ለምን እንደሚይዘው ራሱን መጠየቅ አለበት። ባዮሎጂን በዋናነት የሚያጠና ተማሪ ይህን ንዑስ ሲጨምር በአብዛኛው ያለውን ይደግማል፤ ሁለተኛ ጋቢ መደረብ ነው። ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም ጋዜጠኝነት የሚያጠናው ግን ከዚህ በፊት ያልነበረውን ቋንቋ ያገኛል። ለባዮሎጂ ተማሪ እኔ የምመርጥለት ንዑስ አንትሮፖሎጂ ነው። ይህን ስል ከሳይንስ ፋኩልቲ ባልደረቦቼ ተቃውሞ እንደሚገጥመኝ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጎንደር ልመለስ። ከሕክምና ዲግሪ ውጭ ያለ የጤና ሙያ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው እዚያ የሆነው ነውና። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1945 በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ጥቂትና ከሞላ ጎደል የውጭ ዜጎች ነበሩ። በሆፕኪንስ መንገድ ሐኪም እስኪሠለጥን ቢጠበቅ ኖሮ አንድ ትውልድ ያልፋል። በ1947 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ‹ሐኪም ምን ማወቅ አለበት› ሳይሆን ‹ደምቢያ ምን ዓይነት ሰው ያስፈልጋታል› ብሎ ጀመረ። መልሱ አንድ ሙያ አልሆነም፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ግቢ ሠልጥነው በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ወረዱ። የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የመማሪያ ክፍላቸው ነበር። ስለ ሰውነት አካልና ስለ ተውሳክ የተማሩት ጉድጓድ ስለ ማስቆፈርና ረግረግ ስለ ማድረቅ ከተማሩት ጋር አብሮ ሄደ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1958 የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ የሥራው ስፋት ከዚህ ይታያል።

ይህ ሥርዓት በሕግ የጸና ሆኖ አልቆየም። በ1978 በላይፕዚግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በጎንደር የሐኪሞች ሥልጠና ሲጀመር የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በመካከሉ የጠፋውን ጊዜ እንደ ትልቅ ኪሳራ እቆጥረዋለሁ። ሐኪም ማፍራት የሚያኮራ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከፍ ያለው ማዕረግ ዝቅ ብሎ የሚሠራውን ሙያ እንዲውጥ ተደረገ። ተማሪዎቻችን ዛሬም ጤና ሲሉ ዶክተር ብቻ የሚታያቸው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በየካቲት 2004 ዓ.ም. ደግሞ የጋሬት ውል፣ ማንም ስሟን ሳያነሣ፣ ወደ እኛ መጣ። አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ሲጀመር በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙትን ተቀበለ። ብዙዎቹ ሌላ ሙያ ይዘው የቆዩ ሰዎች ነበሩ። ጥራቱን በተመለከተ የተነሣው ክርክር የታወቀ ነው፤ መርሐ ግብሩ ግን በ18 ዓመቱ በብሔራዊ ፈተና ውጤት ደጅ የቀረን ሰው በሠላሳዎቹ ዕድሜው መልሶ ጠራው። የቀደመ ዲግሪው እንደ ባከነ ዘመን ሳይሆን እንደ ዝግጅት ተቆጠረለት።

በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተመለሰው የጋራው የአንደኛ ዓመት ትምህርትም ሥነ ልቦናን፣ አንትሮፖሎጂንና የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ ሐኪም ለሚሆነውም ለማይሆነውም ይሰጣል። ተማሪዎች ‹ቶሎ አልፈን ወደ ዋናው እንሂድ› ሲሉ እሰማለሁ። ጅማ ስለ ጀመረችው ማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ለመናገር ጊዜው አልበቃኝም፤ የጅማ ተመራቂዎች በአዳራሹ ውስጥ አያለሁና በጥያቄው ክፍል እነሱ ቢያስረዱን እመርጣለሁ።