ስለ ሩቅ አሳዳጊዎች

በሴሎን ደሴት ጃፍና በሚባለው አውራጃ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ከ1816 ዓ.ም. ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የታሚል ሕፃናትን ሰብስበው እያበሉና እያለበሱ ያስተምሩ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበርና፥ ለአንድ ሕፃን የዓመቱን ቀለብ ለሚችል ሰው ለሕፃኑ ስም እንዲያወጣለት ተፈቀደለት። በዚህም ምክንያት አባቱ በታሚል ቋንቋ የሰየመው ልጅ፥ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን የአሜሪካ ሰው ስም ተሸክሞ አደገ። ሰጪው ይህን ያደረገው በክፋት አልነበረም፤ ገንዘቡ ወዴት እንደ ደረሰ የሚያውቅበት ምልክት ፈልጎ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ የዕለት ጉርሱን ያገኘው ስሙን ከፍሎ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ልጅን በሩቅ ሆኖ የማሳደግ ልማድ ከዚያ ወዲህ ሲለዋወጥ የኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሰጪው ምልክት ይሻል፥ ተቀባዩም ክብር አለው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ዓ.ም. ቢቆምም፥ እንግሊዝና ተባባሪዎቿ ወደ ጠላት አገር እህል እንዳይገባ ባሕሩን ዘግተው ስለ ቈዩ የቪየና ሕፃናት በረኃብ ይረግፉ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ወይዘሪት ኤግላንታይን ጀብ የምትባል እንግሊዛዊት የእነዚህን ሕፃናት ሥዕል ያለበት ወረቀት በሎንዶን ትራፋልጋር አደባባይ ስታድል ተይዛ ለፍርድ ቀረበች፤ ወረቀቱ በመንግሥት መርማሪ አልታየም ተብሎ 5 ፓውንድ መቀጫ ተፈረደባት። የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ ግን 5 ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። በዚያው ዓመት ከእኅቷ ከዶሮቲ ባክስተን ጋራ ሕፃናት አድን የሚባለውን ማኅበር አቆመች። የሮማው ፓፓ ቤኔዲክቶስ 15ኛም ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት በሚታሰቡበት ቀን በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ለተራቡ ልጆች ገንዘብ እንዲሰበሰብ አዘዙ። ለጠላት ልጅ ምጽዋት መስጠት በሕዝብ ፊት ነውር ይመስል በነበረበት ሰዓት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ወይዘሪት ጀብ ያሰናዳችው የሕፃናት መብት መግለጫ በ1924 ዓ.ም. በጀኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጸደቀ።

የዛሬው ዐይነት ማሳደግ፥ ማለት አንድ ሰጪ ለአንድ ሕፃን፥ ከፎቶግራፍና ከደብዳቤ ጋራ፥ ሥር የሰደደው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ጆን ላንግደን ዴቪስ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ አንድ ብላቴና አገኘ፤ ብላቴናውም፥ ከተማው ሲያዝ እንደሚገደል ያወቀ አባቱ ያገኘው ሰው ሁሉ እንዲጠብቅለት እየለመነ የጻፈለትን ወረቀት ይዞ ነበር። ከዚህ የተነሣ በ1937 ዓ.ም. ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ። በ1938 ዓ.ም. ካልቪት ክላርክ የተባሉ የአሜሪካ ቄስ ለቻይና ሕፃናት እንዲሁ አደረጉ። ከኮርያ ጦርነት የተነሣም በ1952 ዓ.ም. ኤቨሬት ስዋንሰን፥ በ1953 ዓ.ም. ቦብ ፒርስ፥ ሁለቱም ሰባክያን፥ ለኮርያ እጓለ ማውታ አሳዳጊ መፈለግ ጀመሩ።

ነገሩ የተስፋፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስለ መቶ ሺህ የተራበ ሰው ሲሰማ እጁን የማይዘረጋ ሰው፥ የአንዱን ሕፃን ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ሲሰቅል ይዘረጋል። ችግሩም የተወለደው ከዚያው ነው። ከአንድ ቤት ልጆች አንዱ ተመርጦ ደብዳቤና ልብስ ሲመጣለት ወንድሙ በር ላይ ቆሞ ያያል፤ ልጁን የወለደው አባትም በገዛ ቤቱ ሁለተኛ አባት ይሆናል። በአገራችን የቆሎ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ሲለምን ባለቤቲቱ ስሙን ሳትጠይቅ ትሰጠዋለች፤ ነገ ሌላው ሲመጣ ለእርሱም ትሰጣለች፤ ከማናቸውም ደብዳቤ አትጠብቅም። ሁለቱ ልማዶች አንድ ምግባር ቢመስሉም የተለያዩ ናቸው።

በ1982 ዓ.ም. ኒው ኢንተርናሽናሊስት የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ሰዎች ሕፃን በዚህ መንገድ እንዳያሳድጉ እስከ መለመን ደረሰ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ፥ በማሊ አንዲት ልጅ በመብረቅ ከሞተች በኋላ ገንዘቡ በስሟ ሲሰበሰብ እንደ ነበረ ገለጠ። ድርጅቶቹ ግን አስቀድመው ሥራቸውን መለወጥ ጀምረው ነበር፤ ገንዘቡን ለአንድ ልጅ እጅ መስጠት ትተው ለመንደሩ ጕድጓድ፥ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ያውሉት ጀመር። ይህ ለወንድሙ መልካም ሆነ። ፎቶግራፉ ግን እንደ ቀድሞው ይላካል፤ ገንዘቡ ለዚያ ልጅ ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ሰጪ ዛሬም አይጠፋም፤ ድርጅቶቹም ይህን በደማቅ ፊደል ለመጻፍ አይቸኵሉም።

ትችቱ ሁሉ ግን ልማዱን ከንቱ አያደርገውም። በ2013 ዓ.ም. ሦስት የአሜሪካ ሊቃውንት በስድስት አገሮች፥ ማለት በቦሊቪያ፥ በጓቴማላ፥ በህንድ፥ በኬንያ፥ በፊሊፒንስና በኡጋንዳ የ10,144 ሰዎችን ኑሮ መርምረው፥ ስዋንሰን በመሠረቱት በኮምፓሽን ያደጉት ካላደጉት ይልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ተጨማሪ ትምህርት እንደ ተማሩ፥ ሲያድጉም ደመወዝ ያለው ሥራ አብልጠው እንዳገኙ አሳተሙ። ይህ ድርጅት ከሌሎቹ ይልቅ በየልጁ ስም መሥራትን ያልተወ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በ2019 ዓ.ም. ወርልድ ቪዥን ሥርዐቱን ገለበጠው፤ የሰጪዎቹን ፎቶግራፍ በመንደሩ አሳይቶ ሕፃኑ አሳዳጊውን እንዲመርጥ አደረገ። በጃፍና ስሙን ከተቀማው ልጅ እስከዚህ ድረስ ሁለት መቶ ዓመት አለፈ። ለንግድ የተፈለሰፈ ብልሃት ነው የሚሉ አሉ፤ ቢሆንም ጣቱን የሚቀስረው አሁን ሕፃኑ ነው።

ዳሩ ግን ምርጫው ከሁለቱም እጅ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የህንድ መንግሥት ከውጭ የሚመጣውን ገንዘብ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ስለ ከለከለ ኮምፓሽን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከዚያ አገር ወጣ። ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት ደብዳቤ ተቋረጠባቸው። አሳዳጊዎቹም በሌላ አገር ያለ ሌላ ልጅ እንዲይዙ ተጠየቁ።