ሻይ በወተት በቡና አገር

አጋሮ የቡና ከተማ ናት። ከጅማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በበደሌና በመቱ አድርጎ ጎሬ በሚደርሰው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በዚያው በጥንቱ የጎማ መንግሥት ምድር የምትገኘው ጮጬም የቡና መገኛ ተብላ በስፋት ትወሳለች። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥፍራ ስለ ሻይ፣ ያውም በወተትና በበረዶ ስለሚጠጣ ሻይ ማንሣት በጤፍ ማሳ መካከል ቆሞ ስለ ሩዝ እንደ ማውራት ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም አንድ ሕዝብ ለገበያ የሚያቀርበው አንድ ነገር፣ በጓዳው አፍልቶ የሚጠጣው ደግሞ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል የመጠጥ ታሪክ ደጋግሞ ያሳያል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች የቅጠልና የወተት ታሪክ ሲመረመርም የሚገኘው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ መታረም ያለበት አንድ የተለመደ አስተያየት አለ። ይኸውም ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው፤ የአገሩ ባህል የቡናው ፍሬ ብቻ ነው የሚለው ነው። የሕዝቡ አኗኗር ግን ይህን አይደግፍም። ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ በከፋ፣ ከዚያም አልፎ በሸካና በቤንች፣ የቡና ቅጠል በዝንጅብል፣ በበሶብላ፣ በጤና አዳም፣ በሚጥሚጣና በጨው ተፈልቶ ጨሞ በሚል ስም ይጠጣል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በሐረርና በአካባቢው የደረቀው የቡና ቅጠል ታምሶና ተፈልቶ ቁጢ ሲባል፣ የቡናው ገለባ ተፈልቶ የሚዘጋጀው መጠጥ ሆጃ ይባላል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ወተት ይጨመርባቸዋል። እንግዲህ ሻይ በወተት የሚባለው ነገር ፍሬ ሐሳቡ ቅጠልን አፍልቶ በወተት ማለስለስ ከሆነ፣ የሐረር ጓዳ የቻይናው ቅጠል ሳይደርሰው ይህን ጥበብ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

በጅማና በጎማ ኦሮሞ ዘንድ ቡናና የከብት ተዋጽኦ የተገናኙት በሌላ መንገድ ነው። ቡና ቀላ በሚባለው ሥርዓት ፍሬው ከነገለባው በቅቤ ይጠበሳል፤ ስሙም «ቡና ማረድ» እንደ ማለት ሲሆን ከምርቃትና ከጸሎት የተለየ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የኦሮሞ መንገደኞች ቡናን ከቅቤ ጋር ለውሰውና አድቦልቡለው ለስንቅ እንደሚይዙ ጽፏል። ስለዚህ ስብና ቡና፣ ወተትና ቅጠል በዚህ አገር አዲስ ትውውቅ የላቸውም።

ቅጠሉና ገለባው ለምን ይጠጣሉ ሲባል፣ ፍሬው ለገበያና ለግብር ስለሚሄድ ለቤት የሚቀረው እርሱ ስለሆነ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ እውነትነት አለው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ልዩ ልዩ ቅመም መርጦና መጥኖ የሚፈላ መጠጥ የችግር መጠጥ ብቻ ሊሆን አይችልም። ምርጫ አለበት፤ እጅ አለበት። ይህ እጅ የሴቶች እጅ በመሆኑና ሙያው በቃልና በማየት ብቻ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ በመሆኑ፣ የንግድን መዝገብ ያገላበጡ ታሪክ ጸሐፊዎች እምብዛም ሳያዩት አልፈዋል። በአንጻሩ የፍሬው ጉዳይ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበረ የሚያስታውስ ትውልድ ዛሬም አለ። በደርግ ዘመን ቡና ዋናው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለነበረ፣ ከአምራቹ አካባቢ በግል የሚወጣ ቡና በኬላ ይፈተሽና ይወረስ ነበር። በቡና ምድር ተወልዶ ያደገ ሰው ለከተማ ዘመዱ ጥቂት ኪሎ ቡና በሻንጣው ሥር ደብቆ መጓዙ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ቅጠሉን ግን ማንም አልፈተሸም።

አሁን ሻይ ተብሎ የሚጠራው የእስያ ቅጠል ወደ እነዚህ ከተሞች የገባው በነጋዴ ነው። ጎማ ከአምስቱ የጊቤ ኦሮሞ መንግሥታት አንዷ ስትሆን እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት ወገን ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት እጅ ስትወድቅ፣ ጎረቤቷ ጅማ ግን በዳግማዊ አባ ጅፋር ብልሃት ግብር እየከፈለች ውስጣዊ አስተዳደሯን እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ጠብቃ ቆየች። የሒርማታ ገበያም ከሩቅ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረ። በኋላ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕር ማዶ ሸቀጥ ወደ መሐል አገር በብዛት መግባት ጀመረ። ሕዝቡ «አረብ ቤት» እያለ የሚጠራው የየመናውያን ሱቅም በየከተማው ተስፋፋ። የነዚህ ነጋዴዎች ታላቋ ወደብ ኤደን ነበረች። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1967 በያዟት በዚህች ከተማ የሕንድ ሻይ ከሄል፣ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር ተፈልቶ ወተት ይገባበታል፤ እስካሁንም «የኤደን ሻይ» የሚባለው ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ሻይ ያለ ቀረፋና ያለ ቅርንፉድ ጎደሎ የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙም ቢሆን በዐረብኛው በኩል የመጣ ሲሆን፣ መነሻው የቻይናው «ቻ» ነው።

ይህ «ቻ» በሌላው አቅጣጫ ተጉዞ ሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ ሲደርስ ስሙን አልለወጠም። ታይላንዳውያን «ቻ ዬን» የሚሉት፣ ትርጉሙም ቀዝቃዛ ሻይ የሆነው መጠጥ፣ እጅግ ከጠነከረ ጥቁር ሻይ፣ ከስኳር፣ ከጣሳ ወተትና ከተሰባበረ በረዶ የሚሠራ ነው። ቀለሙ እንደ ብርቱካን የሚያበራው ከቅጠሉ ጋር ማቅለሚያ ስለሚቀላቀል ነው። ውሎ ሳይበላሽ የሚቆየው ስኳር የገባበት የጣሳ ወተት የአሜሪካዊው የጌል ቦርደን ሥራ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ላም በማይበዛበትና ሙቀቱ ትኩስ ወተትን በሰዓታት በሚያበላሽበት አገር ጣሳው የወተትን ቦታ ያዘ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የቡና አገር ሰው ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሴሎን ደሴት ስሟ በሻይ ከመጠራቱ በፊት የቡና አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ ታየባትና በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ተክሉን አወደመው፤ ባለርስቶቹም ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። ዓለምን ያጥለቀለቀው የሴሎን ሻይ የበቀለው በሞተ ቡና መቃብር ላይ ነው። ጅማም የራሷን መቅሠፍት ቀምሳለች። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲገኝ የብዙ ገበሬ ቡና በእሸትነቱ ጠቆረ። ነገር ግን በዚህ አገር ቡና ወጥ ዘር አልነበረም። በጅማ አቅራቢያ የሚገኘው የመልኮ የምርምር ማዕከል ሠራተኞች ከየጫካው በሽታውን የሚቋቋሙ ተክሎችን መርጠው አወጡ። 74110 እና 74112 በሚባሉት ዝርያዎች ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን የ1974 ዓመት (እ.ኤ.አ.) ያመለክታል። ጫካው ባይኖር ኖሮ አጋሮም ዛሬ የሻይ ከተማ ትሆን ነበር ብሎ መገመት ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይልቁንም ሻይ ከቡናው ጎን ተተከለ። በኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ያለው የጉማሮ እርሻ የኢትዮጵያ ሻይ ቀዳሚ ሲሆን፣ በከፋ የሚገኘው ውሽውሽ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። አጋሮ ወደ አንደኛው በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ጎረቤቷ ጅማ ደግሞ የሁለተኛው በር ናት። ስኳር በበኩሉ በወንጂ ፋብሪካ መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የአገር ቅጠልና የአገር ስኳር ሲገናኙ ሻይ ከባለጸጋ ቤት ወጥቶ የመንገድ ዳር መጠጥ ሆነ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሺስት ወረራ ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። ወራሪው ተባርሮ ሲሄድ በየከተማው ቡና ቤቶች ከቀሩት ነገሮች መካከል ማኪያቶ አንዱ ነው። ከዚህም የሚገርመው ስፕሪስ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሻይና ቡና ሳይዋሐዱ ተደራርበው የሚቀርቡበት ይህ መጠጥ ከአስማት የመጣ አይደለም። ስኳር የበዛበት ሻይ ስለሚከብድ ከታች ይረጋል፤ ቀስ ተብሎ የተንቆረቆረው ቡና ከላይ ይንሳፈፋል። ታይላንዳዊው ሻጭ በበረዶ ላይ ወተት አፍስሶ ነጩ ቀስ እያለ ወደ ብርቱካኑ ሲወርድ የሚያሳየው ትርኢት በአጋሮ ሻይ ቤት ከሚታየው ብዙ የሚርቅ አይደለም።

ስለዚህ ይህን ቀዝቃዛ ሻይ በአጋሮ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው የሚጎድለው ነገር ጥቂት ነው። ለአንድ ሊትር የፈላ ውኃ አራት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ የውሽውሽ ወይም የጉማሮ ቅጠል ያስፈልጋል። በረዶው ሲቀልጥ መጠጡን ስለሚያቀጥነው ሻይ ለትኩስ ከሚጠጣው እጥፍ መጠንከር አለበት። በዚሁ ላይ ሁለት ፍሬ የተፈነከተ ኮረሪማና ቁራጭ ቀረፋ ይጨመራል። ታይላንዳውያን ሌላ ቅመም ቢያደርጉበትም፣ ከጅማና ከከፋ ጫካ የሚለቀመውና በጥንቱ የሲራራ ንግድ ስሙ የታወቀው ኮረሪማ የባሕር ማዶውን ሄል አያስናፍቅም። ከእሳት አውርዶ አምስት ደቂቃ ያህል ከድኖ ማቆየት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ምሬቱ ያይላል። ታይላንዳውያን እንደ ካልሲ በተሰፋ ጨርቅ ያጠሉታል፤ በዚህ አገር ንጹሕ ነጠላ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስኳሩ ሻይ ገና ሳይበርድ መግባት ይኖርበታል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟምና። የጣሳ ወተት ከሌለ፣ አንድ ሊትር የላም ወተት ከአንድ ስኒ ስኳር ጋር በለዘብተኛ እሳት እየተማሰለ ግማሽ እስኪሆን ቢፈላ ተመሳሳይ ነገር ይወጣዋል። ወተቱ ለማጣፈጥ ብቻ የሚገባ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን የሻዩን አናናቂ ቅመም ይዞ ያለዝበዋል። ብርቱካናማው ማቅለሚያ ግን ቢቀር የሚጎዳ የለም፤ የአገሩ ሻይ ከወተት ጋር ሲዋሐድ የሚያወጣው የሸክላ ቀለም ራሱ ያማረ ነው።

በረዶውን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ባንኮክ በባሕር ጠረፍ ያለች ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ አጋሮ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ ረዥምና ዝናባማ የሆነ ሥፍራ ናት። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ በረዶ የገባበት ሻይ የሚመኝ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የበጋው ቀትር ግን ሌላ ነው፤ በተለይ ቡና ለቀማ ውሎ ለመጣ ሰው።

የቡናው ቅጠል ጉዳይም በዚሁ አልቆመም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ከደረቀ የቡና ቅጠል የሚዘጋጀው መጠጥ በአባል አገሮቹ ገበያ እንዲሸጥ ፈቅዷል። ሕጉ እንዲህ ላለው ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ምግቡ ከኅብረቱ ውጪ ባለ አገር ቢያንስ ለ25 ዓመታት በሕዝብ ዘንድ ሲበላ ወይም ሲጠጣ የቆየ መሆኑን ነው። የከፋ እናቶች ጨሞን ሲያፈሉ ማንም ዓመት አልቆጠረባቸውም። በአጋሮ ዙሪያም ገበሬው ቡናውን ሲገርዝ ቅጠሉ ዛሬም ከዛፉ ሥር ወድቆ ብስባሽ ይሆናል።