የዕድሩ መዝገብ

ልደታ አካባቢ ያረጁ አንድ የዕድር ጸሐፊ አሉ። ቤታቸው ሄጄ ስለ ድሮው ሰፈር ስጠይቃቸው፣ «እንዳንተው አንድ ተማሪ መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ አስለፈለፈኝ። ታሪክ ልጽፍ ነው ብሎኝ ነበር። ይጻፈው፣ ይተወው ምን አውቄ!» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ መቶ ዓመቷን ስታከብር፣ ኅዳር 15 እና 16 ቀን 1979 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አዘጋጅነት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። በጉባኤው ጥራዝ ውስጥ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ቀደምት ሰፈሮች የጻፉት ይገኛል። መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየጉብታው ሰፈሩ፤ ቦታውም በስማቸው ተጠራ። እነ ራስ መኮንን፣ እነ ደጃች ውቤ እስከ ዛሬ የሚነሱት በዚህ ነው።

የጌታው ስም ቀረ እንበል። በጉብታው ሥር ጎጆ የቀለሰው፣ እንጀራ የጋገረችው፣ ቀን ሥራ የዋለውስ? የእሱ ስም ያለው በዕድር መዝገብ ላይ ነው። ማን መቼ ገባ፣ ስንት ቤተሰብ አለው፣ መዋጮ ያቋረጠው በየትኛው ክፉ ዓመት ነው፣ ማን ሞተ፣ ማን ቀበረው፤ ሁሉም እዚያ አለ። ከዚህ የበለጠ የከተማ ታሪክ ከየት ይመጣል?

ዩኒቨርሲቲው ሽማግሌ አልጠየቀም ማለቴ አይደለም። የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው አዛውንት እየጠየቁ፣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ከጽሑፉ መጨረሻ ሲያሰፍሩ ኖረዋል። ያስመሰግናል። ችግሩ ወዲህ ነው፦ በአማርኛ የተነገረው በእንግሊዝኛ ይጻፍና ስድስት ኪሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ባለታሪኩ አያነበው፣ ስህተቱን አያርመው።

ጊዜውም አይጠብቅም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የልደታ አሮጌ ቤቶች በመልሶ ማልማት ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተክቷል። ብዙው ነዋሪ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ሰው ሲበተን ደግሞ መዝገቡም በየቁም ሳጥኑ አቧራ ይጠጣል፤ ወይም ከባለቤቱ ጋር ይጠፋል።

መላው ሩቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ኮሌጅ ራሱ ያለው እዚያው ልደታ ነው። ተማሪዎቹ ወረቀት ዘርግተው አዛውንቱን፣ «ቦኖው የት ነበር? ወፍጮ ቤቱስ?» ቢሏቸው የፈረሰው ሰፈር ካርታ ይወጣል። የታሪክ ተማሪው መዝገቡን ፎቶ አንስቶ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልስ። የጻፈውንም በአማርኛ አሳጥሮ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ያንብበው። እዚያ «ኧረ ተው፣ እንዲህ አልነበረም» የሚል አይጠፋም። ይህች እርማት ከመምህር እርማት አታንስም።

ስወጣ ጸሐፊው መዝገቡን አሳዩኝ። በቀይ የተሰረዘው የሞተ ነው፤ በሰማያዊ የተሰረዘው ሰፈር የለቀቀ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ሰማያዊ ብቻ ናቸው።

«ለማን ልስጠው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።