ማዳበሪያው የት ይሄዳል? ከጭላሎ እስከ ዝዋይ

በአርሲ ደጋ የማዳበሪያ ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው ካዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው ይህ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያን ከምርጥ ዘርና ከብድር ጋር ለገበሬው አቀረበ፤ የስንዴ ምርትም አደገ። ከዓመታት በኋላ ዩኒየኖች በማዳበሪያ ሥርጭቱ ዋነኛ ተሳታፊ ሆኑ።

ለረጅም ዘመን ያገለገለው ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት የያዘ ነው። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ሲጠርግ አብሮ ይሄዳል። ከጭላሎና ከካካ ተራሮች የሚወርደው ውኃ በካታር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። የከብት እበትና የከተማ ፍሳሽም ይጨመሩበታል። የሐይቁ ጥልቀት አነስተኛ በመሆኑ ነፋስ ደለሉን በቀላሉ ያማስለዋል፤ በደለሉ የተከማቸው ፎስፈረስም ወደ ውኃው ሊመለስ ይችላል። ሲበዛ አልጌ ይስፋፋል፤ ዓሣ አስጋሪውና ውኃውን የሚጠጣው ሕዝብ ይጎዳሉ።

በጎርፍ የሄደው ማዳበሪያ አርሶ አደሩ በገንዘቡ ወይም በብድር የገዛው ነው። በመሆኑም ማዳበሪያን በአፈር ምርመራ መጥኖ በመስመር መጨመር፣ እርከን መሥራትና የወንዝ ዳርን አለማረስ ለሐይቁ ብቻ ሳይሆን ለአባላት ኪስም የሚበጅ ነው። ማዳበሪያውን ማሳ ድረስ ማድረስ የሥራው እኩሌታ ነው፤ ቀሪው እኩሌታ ማሳው ላይ ማስቀረት ነው።