ደቦ ወይስ ሁዳድ? «በቡድን የመሥራት ችሎታ» የት ተማርነው፣ የት ጠፋ?

የሥራ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ሁሉ፣ ከትምህርት ደረጃና ከሥራ ልምድ ቀጥሎ አንድ መስመር አይጠፋም፦ «በቡድን ተግባብቶ የመሥራት ችሎታ ያለው/ያላት»። ለሒሳብ ሠራተኛም፣ ለነርስም፣ ለሽያጭ ሠራተኛም ይጻፋል። ዲግሪው በወረቀት ይረጋገጣል፤ ልምዱም በደብዳቤ። ይህኛው ግን ማስረጃ የለውም። አመልካቹ ሲቪው ላይ «ቲም ወርክ» ብሎ ይጽፋል፣ ቀጣሪው ያነባል፣ ሁለቱም አያምኑበትም።

ከቅጥር በኋላ ደግሞ ምሬቱ ይጀምራል። «የዛሬ ወጣት ተባብሮ መሥራት አያውቅም» ይባላል። ይህ የሚባለው ማሳ በጋራ በሚታጨድበት፣ ቤት በጋራ በሚከደንበት፣ ሐዘንተኛ በዕድር በሚደገፍበት አገር ነው። ታዲያ ችሎታው ወዴት ሄደ? መልሱን ከወጣቱ ጠባይ ይልቅ ከታሪኩ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ሁለት ዓይነት መሰብሰብ

በገበሬው ኑሮ በጋራ መሥራት አንድ ስም ብቻ አልነበረውም። ስሙና ደንቡ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ወንፈል በአብዛኛው በቁጥር የሚመለስ ነው፦ አንዱ ለጎረቤቱ ዛሬ አንድ ቀን ካጨደ፣ ጎረቤቱም በተራው አንድ ቀን ያጭድለታል። ደቦ ሰፋ ይላል፤ ባለማሳው ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ ዘመድ ጎረቤቱን ይጠራል። በኦሮሞ ገበሬዎች ዘንድም ዳዶና ጂጊ የሚባሉ ተመሳሳይ ልማዶች አሉ።

ደቦ ትምህርት ቤትም ነበር። ልጁ መጀመሪያ ውሃ ያቀብላል፤ ከፍ ሲል ነዶ ይሰበስባል፤ ጉልበቱ ሲጠና ማጭድ ይዞ ከአባቱ አጠገብ ይሰለፋል። ከሰልፉ ቀድሞ መሮጥ እንደማያስመሰግን፣ ወደ ኋላ መቅረት ደግሞ እንደሚያሳፍር ማንም ቁጭ አድርጎ ሳይነግረው ያያል። አውራጁ ዘፈኑን ሲያነሣ እጆች ሁሉ አንድ ምት ይይዛሉ፤ ዘፈኑ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሥራው ፍጥነት መለኪያ ነው። የታመመው ሰው ማሳ ይታወሳል፤ የሰነፈውም ስም ይታወሳል። በሰው ደቦ ያልተገኘ ሰው በራሱ ደቦ ቀን ጠላውን ብቻውን ይጠጣል።

ያው ገበሬ ግን ሌላም ዓይነት መሰብሰብ ያውቅ ነበር። ሁዳድ ይባላል፤ ለባላባቱ ወይም ለሹሙ በተቆረጠለት ቀን ያለ ክፍያ እየወጣ የሚያርሰውና የሚያጭደው መሬት ነው። እዚያም ብዙ ሰው በአንድነት ይሰለፋል። በሬው ያው በሬ፣ ማጭዱም ያው ማጭድ ነው። ሥራው ግን አንድ አይደለም። በሁዳድ ላይ ውለታ አይመለስም፤ እምቢ ማለት ያስቀጣል፤ እህሉ የማን ጎተራ እንደሚገባም የታወቀ ነው። ስለዚህ ገበሬው ከሁዳድ የተማረው ሌላ ጥበብ ነው፦ አለቃ ሲያይ መፍጠን፣ አለቃ ፊቱን ሲያዞር መለገም።

ሁለቱም «በጋራ መሥራት» ናቸው። አንዱ መተማመንን ያስተምራል፣ ሌላው መለገምን። ከዚያ ወዲህ የመጣው ታሪክ በአመዛኙ ደቦን እየጠሩ ሁዳድን የማስተማር ታሪክ ነው።

ስንተኛ ወጣህ?

በቤተ ክህነት ትምህርት የቆሎ ተማሪው ብቻውን አይማርም ነበር። ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ አዲሱን ያስጠናዋል፤ ለምኖ ያገኘውን ምግብ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ ጎጆውንም አብረው ይሠራሉ። ዘመናዊው ትምህርት ሌላ ዓላማ ይዞ መጣ። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ለመንግሥት ቢሮ ቋንቋ የሚያውቁ፣ የሚጽፉና የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ማፍራት ነበረባቸው። ለዚያም እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው መመዘን ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ባህል በየቤቱ ይታወቃል። ሰርተፊኬቱ ላይ የተማሪው ብዛትና «ደረጃ» ይጻፋል፤ ወላጅ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ የሥራ ባልደረባ ሳይሆን ተፎካካሪ ነው። እርሱን መርዳት በፈተና ቀን ኩረጃ ይባላል፤ በሌላው ቀን ደግሞ ማንም ነጥብ አይሰጥበትም። ጥፋቱ ፈተና መኖሩ አይደለም። ከፈተናው ጎን ተማሪው ከሌላ ሰው ጋር አንድ ነገር ሠርቶ የሚመዘንበት ቦታ አለመኖሩ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይህን ክፍተት በከፊል ነክቶት ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ በብዛት በመምህርነት፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር መሥራት ነበረበት።

ዘመቻና ማኅበር

ትልቁ ሙከራ የመጣው ከአብዮቱ ጋር ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. «እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» በይፋ ተጀመረና ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በየጣቢያው አብረው አደሩ፣ አብረው አበሰሉ፤ ፊደል አስተማሩ፣ መጸዳጃ ቆፈሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣም የገበሬ ማኅበራትን በማደራጀት ተሳተፉ። የከተማ ልጅ ከማያውቀው ሰው ጋር ድስትና ኃላፊነት መካፈልን እዚያ ተማረ።

ዘመቻው ግን ከመጀመሪያው እምቢ የማይባል ነበር፤ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን የመቀጠልም ሆነ ሥራ የመያዝ ዕድሉ ይዘጋበት ነበር። ዘማቹ ስለ አመራሩ መጠየቅ ሲጀምር ደግሞ ጥያቄው እንደ ጠላትነት ተቆጠረ። ብዙዎች ዘመቻው ሳያልቅ ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ። ያ ትውልድ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ተማረ፦ ኅብረት ኃይል እንደሆነ፣ በታዘዘ ኅብረት ውስጥ ግን አፍ መክፈት ዋጋ እንደሚያስከፍል።

ቀጥሎ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጡ። መልባ፣ ወልባ፣ ወይላንድ በሚባሉ ደረጃዎች ገበሬው መሬቱን፣ ከዚያም በሬውንና መሣሪያውን እየደመረ እንዲሄድ ታቀደ። ማዳበሪያውም ብድሩም በቅድሚያ ለማኅበራቱ ይሰጥ ነበር። የሥራው ክፍፍል በነጥብ ይመዘገብ ነበር። በወረቀት ሲታይ ወንፈልን ይመስላል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን አውጆ ገበሬው ከማኅበር መውጣት ሲፈቀድለት ግን አብዛኞቹ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። መሬቱንና በሬውን ተካፍለው ወደየማሳቸው ተመለሱ። እነዚሁ ገበሬዎች በመኸር ወቅት ደቦ መጥራታቸውን አላቆሙም። የጠሉት አብሮ መሥራትን አልነበረም።

አንድ ለአምስት

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የነበሩት ዓመታት ይበልጥ ቅርብ ናቸው። «የልማት ሠራዊት» በሚል ስም ገበሬው፣ የቤት እመቤቷ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው በአንድ ለአምስት ተደራጀ። በትምህርት ቤት ጎበዙ ተማሪ አምስቱን እንዲያስጠና ታሰበ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነበር የሚማረው። በጤናው መስክም ክትባትና የእናቶች ክትትል ቤት ለቤት እንዲደርስ ያገዘ መዋቅር ነበር።

ችግሩ ያው ሰንሰለት የመንግሥትና የፓርቲ ጆሮ መሆኑ ነው። ሕዝቡ ለዚህ ቃል አወጣለት፦ ጥርነፋ። የቡድኑ መሪ «ጠርናፊ» ተባለ። ባልደረባ ማለት የተናገሩትን የሚያደርስ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ሆነ። በቡድን ስብሰባ ላይ ዝም ማለት የብልህ ሰው ጠባይ ሆነ፤ ሪፖርቱም ሁልጊዜ «በጥሩ ሁኔታ ተፈጽሟል» የሚል ሆነ። በዚያ ዘመን ትምህርቱን የተከታተለ ተማሪ ስለ ቡድን ምን ተምሮ ሊወጣ ይችላል?

ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጠበቀው «ግሩፕ አሳይመንት» ደግሞ የቀረውን አስተማረው። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስም ያጽፋሉ፣ ውጤቱ ለሁሉም እኩል ነው። ይህም በራሱ አንድ ለአምስት ነው። የሠራው መበዝበዝን ይለምዳል፣ ያልሠራው መደበቅን። ሁለቱም በማግሥቱ ሲቪያቸው ላይ «ቲም ወርክ» ብለው ይጽፋሉ።

ድንጋይና ስፌት

ከዚህ ሁሉ መካከል ለየት የሚል ነገር አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ በየከተማው የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ ነው። ምሩቅ ድንጋይ ይጥረብ ወይ የሚለው ክርክር ዓመታት የፈጀ ቢሆንም፣ የሥራው ባሕርይ ግን ብዙም አልተስተዋለም። አንዱ ይጠርባል፣ አንዱ አሸዋ ይደለድላል፣ አንዱ ያነጥፋል፤ የተነጠፈው በካሬ ሜትር ይለካል። ማን ሠራ፣ ማን አልሠራም የሚለው በዓይን ይታያል። ክፍያ ሲዘገይና ሰብሳቢው ሒሳቡን ሲደብቅ ቡድኑ ይበተናል፤ ሒሳቡ ግልጽ ሲሆን ግን ከደቦ ብዙም አይርቅም።

በአንጻሩ ብድር ለማግኘት ብቻ የሚመሠረቱ ማኅበራት አሉ። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመድብ «ተደራጁ» የሚለው ጥሪ እንደገና ከፍ አለ። የማይተዋወቁ ወጣቶች ቅጹ ስለሚጠይቅ ብቻ ስማቸውን አንድ ወረቀት ላይ ሲያሰፍሩ ቡድን አይሆኑም፤ ብድሩ ከተከፋፈለ የሚያስተሳስራቸው ዕዳው ብቻ ነው።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ጥያቄውን አዙሮ አመጣው። በልብስ ስፌት መስመር ላይ አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች። አንዷ ስትዘገይ ሥራው ከፊቷ ይከመራል፣ ከኋላዋ ያለችው ሥራ ፈትታ ትቀመጣለች። ስለዚህ ከአካባቢው ገጠር ለመጡ ወጣት ሴቶች ከስፌቱ ጋር ሰዓት ማክበር፣ መግባባትና በቡድን መሥራት የሚያስተምር ሥልጠና ተዘጋጀ። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ በጋራ ሥራ ባደገ ቤት የተወለዱ ናቸው። በሰልፍ መሥራት ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የፓርኩን የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አድርጎ መዝግቦታል። ብዙዎች ጥቂት ሠርተው ሲለቁ «ዲሲፕሊን የላቸውም» ተባለ። የአያቶቻቸውን ሚዛን ለያዘ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ የተጠሩት ለደቦ ነበር ወይስ ለሁዳድ?

ምን ይማሩ?

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚል አይደለም፤ ድሮም ሁዳድ ነበር። የሚወጣው ደቦን ደቦ ያደረጉት ነገሮች ተለይተው የሚታወቁ መሆናቸው ነው። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በግልጽ ይታያል። የዋለው ውለታ ይመለሳል። ያልተስማማው ሰው መናገርም መቅረትም ይችላል፤ የሚከፍለው ዋጋ የጎረቤቱን ቅሬታ እንጂ የአለቃን ቅጣት አይደለም።

እነዚህን ክፍል ውስጥ ለማስተማር ፕሮጀክተር አያስፈልግም። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ማን የትኛውን ክፍል እንደሠራ ይጻፍ፤ ነጥቡም በዚያው ልክ ይለያይ። መሪነቱ በየተራ ይዙር፤ ሁልጊዜ የክፍሉ አንደኛ አይሁን። ሥራው ሲያልቅ የቡድኑ አባላት ምን እንደተበላሸ መምህሩ ፊት ይናገሩ፤ የተናገረውም አይቀጣ። በሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ሠልጣኙ ወደ ድርጅት ሲላክ ሻይ አቅራቢና ፋይል ተሸካሚ ሆኖ ከሚመለስ፣ መጨረሻው የሚታይ አንድ ሥራ ከሠራተኞቹ ጋር ተካፍሎ ይሥራ።

ቀጣሪውም ከዚህ ነጻ አይደለም። «በቡድን የመሥራት ችሎታ» ብሎ የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት አዲሱ ሠራተኛ ስሕተት አይቶ ቢናገር ምን እንደሚደርስበት፣ ቡድኑ ያመጣው ጥቅም ለማን እንደሚደርስ ራሱን መጠየቅ አለበት። መልሱ ሁዳድ ከሆነ፣ የሚያገኘውም የሁዳድ ሠራተኛ ነው፦ አለቃ ሲያይ የሚፈጥን፣ አለቃ ሲዞር የሚለግም።